የወደቀ ክንፍ ምስክርነት
ስለ ቀድሞዎቹ የብሪታንያ የጦር አውሮፕላኖች ክፍሎች

የአንድ ዘመን ታሪክ የሚጠናው ከመዛግብትና ከሐውልቶች ብቻ አይደለም። የሠራተኛ እጅ ያረፈባቸው መሣሪያዎችም፣ ቋንቋቸውን ለሚረዳ ሰው፣ ስለ ተሠሩበት ጊዜ፣ ስለ ሠሯቸው ሰዎችና ስለ ዋሉበት ተግባር ይመሰክራሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ብሪታንያ ከሠራቻቸው የጦር አውሮፕላኖች የተረፉት ክፍሎች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ዛሬ በሙዚየሞችና በሰብሳቢዎች እጅ የሚገኙት የመለኪያ መሣሪያዎች፣ የመሪ እጀታዎች፣ የክንፍና የሞተር ቁርጥራጮች በአግባቡ ሲመረመሩ የታሪክ ሰነዶች ይሆናሉ፤ ሳይመረመሩ ሲቀሩ ግን ከውራጅ ብረት የሚለያቸው ነገር እምብዛም ነው።

ስፒትፋየር የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን በሬጂናልድ ሚቼል ተነድፎ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1936 ነበር። ከዚያ በኋላ ከ20,000 በላይ ተሠርቷል። ላንካስተር የተባለው ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይም ቁጥሩ 7,377 ደርሶ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ይህ ሁሉ የኢንዱስትሪ ውጤት ትርፍ ዕቃ ሆነ፤ አብዛኛውም ተቆራርጦ ወደ ማቅለጫ ምድጃ ገባ። ከላንካስተሮቹ መካከል ለበረራ ብቁ ሆነው እስከ ዛሬ የተጠበቁት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ አንዱ በእንግሊዝ፣ ሌላው በካናዳ ይገኛል። ከምድጃው ያመለጠ እያንዳንዱ ቁራጭ ዋጋ የሚሰጠውም ስለዚህ ነው።

የአንድን ክፍል ማንነት የመለየት ሥራ የሚጀምረው በላዩ የተመቱትን ምልክቶች በማንበብ ነው። ዘውድ ከሥሩም «ኤ» እና «ኤም» የተባሉት የላቲን ፊደላት ካሉበት፣ ዕቃው የአየር ሚኒስቴር ንብረት እንደነበረ ያስረዳል። ቀጥሎ የሚታየው የግምጃ ቤት ቁጥር ነው። በዚህ አመዳደብ «6ኤ» የበረራ መለኪያዎችን፣ «5ሲ» የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን፣ «22ሲ» የአብራሪዎችን ልብስና ትጥቅ ያመለክታል። ይሁን እንጂ የግምጃ ቤት ቁጥር የዕቃውን ዓይነት እንጂ የተገጠመበትን አውሮፕላን አይናገርም። አንድ ዓይነት የከፍታ መለኪያ በልዩ ልዩ አውሮፕላኖች ላይ ይገጠም ነበርና፣ ሻጩ «ከስፒትፋየር የወጣ ነው» ስላለ ብቻ ነገሩ እውነት አይሆንም።

ከዚህ ይልቅ ጠበቅ ያለ ማስረጃ የሚሰጠው የንድፍ ቁጥር ነው። የስፒትፋየር የመጀመሪያ ንድፍ መለያ 300 ስለነበረ፣ ብዙዎቹ ክፍሎቹ በዚሁ ቁጥር ይጀምራሉ። በኋላ የመጡት ዓይነቶች የየራሳቸው መለያ ቢሰጣቸውም፣ ሳይለወጡ የቀጠሉት ክፍሎች የቀድሞውን ቁጥር እንደያዙ ቆይተዋል። ስለዚህ በ300 የሚጀምር ቁራጭ ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ ስፒትፋየሮች የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሳይሆን እርስ በርሳቸው እያመሳከሩ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከቁጥሮቹ አጠገብ የሚታዩት ጥቃቅን የተቆጣጣሪ ማኅተሞች ደግሞ የሠራተኛውን ታሪክ ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1940 ሳውዝሃምፕተን አጠገብ በዉልስተን የነበረው የስፒትፋየር ፋብሪካ በጀርመን አውሮፕላኖች በተደበደበ ጊዜ፣ ሥራው ወደ ጋራዦች፣ ወደ ልብስ ማጠቢያ ቤቶችና ወደ አውቶቡስ ማደሪያዎች ተበተነ። በሳልዝበሪ፣ በሬዲንግና በትሮውብሪጅ ከተሞች፣ ከጦርነቱ በፊት የአውሮፕላን ፋብሪካ ረግጠው የማያውቁ ብዙ ሴቶች ጭምር ክንፍና አካል ገጣጠሙ። «ሲ.ቢ.ኤ.ኤፍ.» የሚለው ምልክት በበርሚንግሃም አካባቢ ወደነበረው ታላቁ የካስል ብሮሚች ፋብሪካ ይመራል። የእነዚያ ሠራተኞች ስም በአብዛኛው በታሪክ መጻሕፍት አልሰፈረም፤ የሥራቸው ምልክት ግን በብረቱ ላይ ቀርቷል።

የእነዚህ አውሮፕላኖች ዕጣ በብሪታንያ ብቻ አልተወሰነም። ፌሪ የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ የሠራው ፋየርፍላይ በካናዳ ባሕር ኃይል ካገለገለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት አየር ኃይል ተሸጧል። ከእነዚሁ መካከል ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ካናዳ በ1990ዎቹ የተመለሱ አሉ። የእንዲህ ያለ አውሮፕላን አካል የሦስት አገሮችን ታሪክ በአንድነት ስለሚይዝ፣ የተገኘበት ቦታ ካልተመዘገበ የመጨረሻው ምዕራፍ ይጠፋል።

የቦታው ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚከብደው አውሮፕላኑ ሰው ይዞ በወደቀበት ሥፍራ ነው። ለሰብሳቢው የቅርስ ጉድጓድ የሚመስለው መሬት፣ ለሟቹ ቤተሰብ መቃብር ሊሆን ይችላል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ በወታደራዊ አገልግሎት ላይ እያሉ የወደቁ አውሮፕላኖች ሁሉ የተጠበቁ ናቸው፤ ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ ቆፍሮ ማውጣት ወንጀል ነው። የሰው አስከሬን ወይም ያልፈነዳ ቦምብ ሊኖር ይችላል ተብሎ በሚገመትበት ቦታም ፈቃድ አይሰጥም።

ሌላም አደጋ አለ። በጨለማ እንዲነበቡ በራዲየም ቀለም የተቀቡ መለኪያዎች ዛሬ ባያበሩም መርዛቸው አልሞተም። ብርሃን የሚሰጠው ውሕድ በዓመታት ብዛት ይደክማል፤ ራዲየም ግን ግማሹ እንኳ እስኪጠፋ 1,600 ዓመት ያህል ይፈጃል። መስታወቱን መክፈትና ቀለሙን መፋቅ ስለዚህ ክልክል ሊሆን ይገባል።

በአሁኑ ጊዜ እነዚህ ቅርሶች ታላቅ ገበያ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 1940 በፈረንሳይ፣ ካሌ አጠገብ በባሕር ዳርቻ ያረፈው ፒ9374 የተባለው ስፒትፋየር፣ 40 ዓመት በአሸዋ ተቀብሮ ከቆየ በኋላ ወጥቶ፣ ታድሶ በ2011 በረረ፤ በ2015ም በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ገንዘቡ ሲበዛ ሐሰተኛ ሰሌዳ የሚቀርጽ፣ አዲስ ቁራጭ አስረጅቶ የሚሸጥም ይበዛል። የተቦረቦረውን ብረት አሳምሮ ቀለም የሚቀባ ቅን ሰብሳቢም ቢሆን፣ ሳያውቅ ማኅተሙን ይደመስሳል።

ስለሆነም የሰብሳቢው ቀዳሚ መሣሪያ መዶሻና ቀለም ሳይሆን መዝገብ ነው። ክፍሉ የት፣ መቼ፣ ከማን እጅ እንደተገኘ፣ ምን ዓይነት ምልክት እንዳለበት ተጽፎ ከእርሱ ጋር ሊኖር ይገባል። ሰብሳቢው ሲያልፍ ዕቃው ወደ ሌላ እጅ ይተላለፋል፤ መዝገብ የሌለው እንደሆነ፣ በጋራዥና በልብስ ማጠቢያ ቤት ቆመው የሠሩት ሰዎችና በእርሱ ውስጥ ሆነው የወደቁት ወጣቶች ለሁለተኛ ጊዜ ይረሳሉ።