እርሳስ፦ ከዐረብኛው «ረሷስ» እስከ ጎጃም ነፍጥ



ሽንዲ፣ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ያደግን ሁሉ ቀለህ ለቅመን ተጫውተናል። አፋችን ላይ አድርገን እንደ ፉጨት ነፍተነዋል። ልጆች ዛሬም ይለቅማሉ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህማ የሚለቀመው በዝቷል። ስለ ጥይት ስናወራ ስለሚገድለው ነው የምናወራው። ተተኩሶ ካበቃ በኋላ ስለሚቀረው ነገር ማንም አያነሳም።

ነገሩን ከስሙ እንጀምር። መድረሳ የቀራን ሰዎች ቃሉን ወዲያው እናውቀዋለን። በዐረብኛ «ረሷስ» ብረቱም ጥይቱም ነው፤ አማርኛው «እርሳስ» ከዚያ የመጣ ነው። በሱረቱ አስ-ሶፍ 4ኛ አንቀጽ ያለውን «መርሱስ» የሚለውን ቃልም ከሙፈሲሮች ከፊሎቹ በእርሳስ ተያይዞ የተገነባ ብለው ፈተውታል፤ ሌሎቹ እርስ በርሱ የተጠጋጋ ይሉታል። ወላሁ አዕለም። (የተማሪ እርሳስ ስሙ ብቻ ነው፤ ውስጡ ግራፋይት እንጂ እርሳስ የለበትም።)

ነፍጥ በአገራችን ጦርነት ውስጥ ጎልቶ የወጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ከኦቶማኖች፣ ዐፄ ገላውዴዎስ ከፖርቱጋሎች ጠመንጃ ያዥ አግኝተው ነበር። ኢማሙም በ1535 ዓ.ም ወይና ደጋ ላይ የወደቁት በጥይት ነው። ጥይት ከእርሳስ የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው፦ እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። የቤት እሳትና የብረት ጭልፋ ይበቃዋል። ስለዚህ ነፍጥ ያለው ሰው ራሱ አቅልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ያፈስሰው ነበር። እናት በምትጋግርበት፣ ሕፃን በሚድህበት ጎጆ እርሳስ ከቀለጠ፣ ብናኙ መደብና አመድ ላይ ይቀራል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውጅግራ መጣ። ስሙ ከፈረንሳይኛው የጠመንጃው መጠሪያ የተወሰደ ነው። ጥይቱ 25 ግራም ያህል ልባስ የሌለው እርሳስ ነበር። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ምኒልክ በ1874 ዓ.ም እምባቦ ላይ ሲገጥሙ፣ በኋላም በ1933 ዓ.ም ጣሊያን ከቡሬ ምሽግ ሲለቅ፣ ስንት ኩንታል እርሳስ በዚህ አፈር እንደቀረ ማን መዘነው? እርሳስ አይበሰብስም።

የዛሬው ጥይት ልባስ አለው፤ ግን ከልባሱ ሥር እርሳስ አለ። በብዙዎቹ ጥይቶች ቂጥ ያለችው መለኮሻም የእርሳስ ውሁድ ናት። ስትፈነዳ ብናኟ ቀለሁ ውስጥ፣ እጅና ልብስ ላይ ያርፋል። እኛ አፋችን ላይ ያደረግነው እሱን ነበር። ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም አይለየውም፤ አጥንት ውስጥ አስገብቶ ለአሥርተ ዓመታት ያስቀምጠዋል። የልጅን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለ ይናገራል። በ2002 ዓ.ም በናይጄሪያ ዛምፋራ፣ እንደኛው ሙስሊም በሆነ ገጠር፣ እርሳስ ያለበትን የወርቅ ማዕድን ሰዎች በግቢያቸው ሲፈጩ 400 ያህል ሕፃናት ሞተዋል። ገበያ ላይ የሚሸጠው ኩልም ብዙ ጊዜ የእርሳስ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ የሕፃን ዓይን የምትኳሉ እህቶች ይህን ያዙልን።

ያሳሰበን ግን ጥይት ሰውነታቸው ውስጥ የቀረባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ሥጋ ውስጥ ከሆነ ሰውነት ይሸፍነውና ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። መገጣጠሚያ ውስጥ ከሆነ ግን የመገጣጠሚያው ፈሳሽ እርሳሱን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ከዓመታት በኋላ ደም ማነስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ድካም ይመጣል፤ ሰው ግን እርጅና ነው ይላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ሐኪሙ ግን ጥይት መኖሩን ካልሰማ ምርመራውን አያስበውም።

በመስጂዳችን ወንበር ላይ ሆነው የሚሰግዱ አንድ አባት አሉ። ጥይቱ ጉልበታቸው ውስጥ ነው። ለሆድ ሕመማቸው ብዙ ጊዜ ታክመዋል። ባለፈው ጁምዓ «አባባ፣ ስለ ጥይቱ ለሐኪሙ ነግረውታል?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ሆዴን ነው ያመመኝ ልጄ፣ ጉልበቴን ማን ጠየቀኝ?» አሉን።

ማክሰኞ አብረናቸው እንሄዳለን፤ ኢንሻአላህ።