ጓያ ቤት ውስጥ ስናበስል ማወቅ ያለብን

ጾም ሲገባ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ ጓያ የሚታወቅ ነው። ሽሮ ይሆናል፣ ንፍሮ ይሆናል፣ ቆሎ ይሆናል፣ በእሸቱም ይበላል። የእኛ ብቻ ደግሞ አይደለም። ህንዶች «ኬሳሪ ዳል» ብለው ወጥ ይሠሩበታል።

ዝናብ አጥሮ ሌላው ሰብል ሲደርቅ ጓያ ይቋቋማል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ነርቭ የሚጎዳ ነገር አለ። አልፎ አልፎ ከሌላ ምግብ ጋር ቢበላ ብዙም አያሰጋም። ለወራት ዋና ቀለብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎረቤታችን ደላንታ ዳውንት ላይ ብዙ ሰው የተጎዳው በዚህ ነው። ህንድም በ1961 (እ.ኤ.አ.) ሽያጩን ከልክላ ነበር።

ታዲያ እንዴት እናብስለው?

👉 ሌሊቱን በብዙ ውሃ ዘፍዝፉት፤ ጠዋት ውሃውን ድፉት።
👉 ለሽሮ ከአተርና ከባቄላ ጋር ቀላቅሉት፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አይቅር።
👉 ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ብሉት፤ ብቻውን አይሁን።
👉 ቆሎውን፣ ንፍሮውንና እሸቱን አታብዙ። በጥናት ከሽሮው ይልቅ ከጉዳቱ ጋር ተያይዘው የተገኙት እነሱ ናቸው።

ልብ በሉ፦ መዘፍዘፍ መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ጓያ የሚያዘወትር ሰው እግሩ ከከበደው ወይም ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ያቁም፤ ጤና ጣቢያም ይሂድ። ቤት ላሉት እናቶችና ለእረኛ ወንድሞቻችሁ ንገሯቸው።