የመንጋጋ ልክ አያያዝና የሰው ሠራሽ ጥርስ አመራረጥ

ጥርሱ በሙሉ ላለቀበት ሰው የሚሠራ ተነቃይ ጥርስ በሁለት ውሳኔዎች ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ጋር በምን ከፍታና በየትኛው ቦታ ላይ እንደሚገጥም ለክቶ መያዝ ነው። ሁለተኛው በዚያ ልክ ውስጥ የሚደረደሩትን ጥርሶች በመጠን፣ በቅርፅና በቀለም መርጦ ቦታ ቦታቸውን መስጠት ነው። በተለምዶ የመጀመሪያው የሐኪሙ ልኬት፣ ሁለተኛው የታካሚው ምርጫ ተደርገው ለየብቻ ይታያሉ፤ ለሁለቱም መጻሕፍቱ ያዘጋጇቸው ቁጥሮችና ሠንጠረዦች አሉ። ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የተከማቸው ማስረጃ ሲመረመር ግን እነዚህ ቁጥሮች መነሻ እንጂ መድረሻ እንዳልሆኑ ይታያል። ልኩንም ምርጫውንም በመጨረሻ የሚዳኙት ሰውየው የሚናገርበት ቋንቋ፣ የሚያኝከው እህልና ሲኖርበት የቆየው ፊት ናቸው። ከኩታበር እስከ መካነ ሰላም ባለው የደቡብ ወሎ ደጋ፣ ቆሎና ቂጣ የዘወትር ምግብ በሆኑበት፣ ዜማና መንዙማ የሚያወጡ አረጋውያን በሚከበሩበት አገር፣ ይህ አባባል ተግባራዊ ትርጉም አለው።

የጠፋው ማቆሚያ

የተፈጥሮ ጥርስ እያለ አፍ ሲገጠም መንጋጋው የት እንደሚቆም የሚወስነው ጥርሱ ራሱ ነው። ጥርስ ሲያልቅ ማቆሚያው ይጠፋል፤ ጥርሱን ይዞ የነበረው አጥንትም ባለበት አይቆይም። አንትየ ታልግሬን በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው፣ ሙሉ ተነቃይ ጥርስ የሚያደርጉ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ የታችኛው መንጋጋ አጥንት ከላይኛው በ4 እጥፍ ገደማ እንደሚመነምን አሳይቷል። የላይኛው ወደ ላይና ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ የታችኛው ዝቅ እያለ በንጽጽር ወደ ውጭ የሰፋ ይመስላል። ከንፈር ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ አገጭ ወደ አፍንጫ ይቀርባል። እንግዲህ ሐኪሙ ጥርስ ከሌለው ድድ ላይ ብቻ ተነሥቶ የቀድሞውን ልክ ማንበብ አይችልም። የሚያደርገው በጀሶ በተቀዳው የአፍ ቅርፅ ላይ ጠንካራ መሠረት ሠርቶ፣ በላዩ የሰም ጠርዝ ገንብቶ፣ ያንን ሰም በሰውየው አፍ ውስጥ እየቀነሰና እየጨመረ የጠፋውን ማቆሚያ መልሶ መፈለግ ነው።

የላይኛው ሰም አስቀድሞ ይስተካከላል። ከንፈር ዘና ሲል ጠርዙ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲታይ፣ ለአረጋዊ ደግሞ ከዚያ እንዲያንስ ይደረጋል። ከፊት ሲታይ ከሁለቱ የዓይን ብሌኖች መስመር ጋር፣ ከጎን ሲታይ ከአፍንጫ ክንፍ ወደ ጆሮ መሃል ከሚሄደው መስመር ጋር ትይዩ ይሆናል። የፊት መካከለኛ መስመር፣ የክራንቻዎች ቦታና ሲሳቅ ከንፈር የሚደርስበት ከፍታም በሰሙ ላይ ይሰመራሉ። እነዚህ ምልክቶች በኋላ ጥርስ ለመምረጥ ዋና መረጃ ስለሚሆኑ፣ ምርጫው የሚጀምረው የጥርስ ሣጥኑ ሲከፈት ሳይሆን ገና ሰሙ ሲቀረጽ ነው።

የከፍታው ጥያቄ

ለከፍታ የሚታወቀው መንገድ አፍንጫና አገጭ ላይ ነጥብ አድርጎ፣ ሰውየው ዘና ብሎ ከንፈሩ ሲገጠም በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት መለካት፣ ከዚያም ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር መቀነስ ነው። ኒስዎንገር በ1934 እ.ኤ.አ. ይህን የዕረፍት ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብሎ ካቀረበ ወዲህ ቁጥሩ በትምህርት ቤት ሁሉ ይሰጣል። ችግሩ የዕረፍት ልክ ራሱ የማይንቀሳቀስ አለመሆኑ ነው። ራስ ቀና ወይም ዘንበል ሲል፣ ሰው ሲደክም ወይም ሲጨነቅ፣ የቀድሞ ተነቃይ ጥርሱ በአፉ ውስጥ ሲኖርና ሲወጣ ይለወጣል። ከዓይን ብሌን እስከ ከንፈሮች መጋጠሚያ ያለው ርቀት ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ካለው ጋር እኩል ነው የሚለው የዊሊስ መለኪያም ፊቶች ሁሉ በአንድ ምጥጥን እንደተሠሩ ስለሚገምት ብዙዎችን ይስታል።

ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። ከፍታው ሲበዛ ጥርሶቹ በንግግር መካከል ይንኳኳሉ፣ ከንፈር በግድ ይገጠማል፣ ጡንቻ ይደክማል፣ ድድ ይቆስላል። ሲያንስ ፊት ያረጃል፣ የአፍ ማዕዘን በምራቅ እየረጠበ ይሰነጠቃል፣ የማኘክ ኃይል ይቀንሳል። የሙሉ ተነቃይ ጥርስ የንክሻ ኃይል በግምት ከተፈጥሮው አንድ አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ የገብስ ቆሎ ለለመደ ሰው ከዚያም ላይ የሚቀነስለት ትርፍ የለውም።

ለዚህ ነው ሜየር ሲልቨርማን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የንግግር ፈተና ከቁጥሮቹ የበለጠ ክብደት የሚገባው። ሰው የ«ሰ»ን ድምፅ ሲያወጣ የላይና የታች የፊት ጥርሶች ሳይነካኩ በጣም ይቀራረባሉ፤ ክፍተቱ ከሰፋ ከፍታው አንሷል፣ ከተጋጩ በዝቷል። «ፈ» ሲባል የላይ ጥርሶች ጠርዝ የታችኛውን ከንፈር እርጥቡና ደረቁ በሚገናኙበት መስመር ላይ በቀላሉ ይነካዋል። «መ» ሲባል ከንፈሮች ይገጠማሉ፣ መንጋጋውም ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል።

ይህ ፈተና ከእንግሊዝኛ መማሪያ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። እዚያ ታካሚው ከሃምሳ ጀምሮ እንዲቆጥር የሚደረገው የዚያ ቋንቋ ቁጥር የ«ፈ» ድምፅ ስላለው ነው። በአማርኛ ከአንድ እስከ መቶ ቢቆጠር «ፈ» አይገኝም። ስለዚህ «አፋፍ»፣ «ፈረስ»፣ «እፍኝ» የመሰሉ ቃላት ማስጠራት ይሻላል። በአንጻሩ «ስልሳ ስድስት» የ«ሰ»ን ድምፅ ደጋግሞ ያመጣል፤ «ሃምሳ» ደግሞ በአንድ ቃል ከንፈርን ገጥሞ ወዲያው ጥርስን ያቀራርባል። በገጠር ወሎ «ጸሎት»ን «ጠሎት» የሚሉ አረጋውያን ስላሉ፣ የአካባቢውን አነጋገር የማያውቅ መርማሪ ጤናማውን ልማድ የጥርስ ጉድለት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ቁርኣን የሚቀሩ ሰዎች ምላስ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጠርዝ ጋር የሚነካበትን የዓረብኛ ድምፅ ስለሚያወጡ፣ ለእነርሱ የፊት ጥርስ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ መሆኑ ንባቡን ይነካል። ለቄሱም ለሼሁም ሲሠራ፣ የሚያውቁትን ጸሎት ወይም ዱዓ በሰሙ ላይ እንዲያሰሙ መጠየቅ የልኬቱ አካል ነው።

ጆሮ የግል ነው፣ ሚሊ ሜትር ግን ለሁሉም አንድ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ሐኪም ከሐኪም ጆሮው እንደሚለያይ እውነት ነው። ነገር ግን ሚሊ ሜትሩ የሚለካው ተለዋዋጭ የሆነ የዕረፍት ቦታን ነውና፣ የመሣሪያው ጥራት የሚለካውን ነገር አያጸናውም። ተገቢው መልስ አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ ሳይሆን፣ በልኬት ጀምሮ በንግግር ማረም፣ ሁለቱ ሲጋጩም ንግግሩን ማስቀደም ነው።

የፊትና የኋላ ቦታ

ከፍታው ከተገኘ በኋላ የሚቀረው የታችኛው መንጋጋ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የት እንደሚገጥም ነው። የሚፈለገው፣ ጥርስ ኖረም አልኖረም፣ ሊደገም የሚችለው የመንጋጋ መገጣጠሚያው ቦታ ነው። ለዓመታት ያለ ጥርስ የቆየ ሰው በድዱ ለማኘክ አገጩን ወደ ፊት መግፋት ይለምዳል፤ «ግጠሙ» ሲባልም ያንኑ ያደርጋል። በዚያ ልማድ የተያዘ ልክ ወንበሩ ላይ ትክክል ይመስልና ቤት ሲደርስ ይከዳል። ስለዚህ ታካሚው የምላሱን ጫፍ ወደ ላንቃው ኋላ አጥፎ ምራቁን እንዲውጥ ይነገረዋል፣ ሐኪሙም አገጩን ሳይገፋ በለስላሳ እጅ ይመራዋል። የስዊሱ አልፍሬድ ጊሲ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ ያስፋፋው የመንጋጋን እንቅስቃሴ በቀስት ቅርፅ የመሣል ዘዴም ቦታውን በዓይን ያረጋግጣል።

ፌስቦው የተባለው መሣሪያ የላይኛውን መንጋጋ ከመንጋጋ መገጣጠሚያው አንጻር አርቲኩሌተር ወደተባለው፣ የመንጋጋን እንቅስቃሴ ወደሚመስለው መሣሪያ ለማሻገር ያገለግላል። አስፈላጊነቱ ግን ሲነገርለት እንደኖረው አይደለም። በሞንትሪያል ተካሂዶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ያለ ፌስቦውና በተቃለለ ልኬት የተሠራው ተነቃይ ጥርስ በተለመደው ረጅም መንገድ ከተሠራው በታካሚ እርካታም ሆነ በጥራት እንዳላነሰ አሳይቷል። ይህ ማስረጃ የሚለው ልኬት አይጠቅምም ሳይሆን፣ ጊዜ ሲጠብ የትኛው እርምጃ መቅረት እንደሚችልና የትኛው መቅረት እንደሌለበት ነው። ፌስቦው ሊቀር ይችላል፤ የመንጋጋ ልክና የሰም ሙከራ ግን አይቀሩም።

ጥርስ መምረጥ

ሊዮን ዊሊያምስ በ1914 እ.ኤ.አ. ገደማ የፊትን ቅርፅ ገልብጦ የላይኛውን መካከለኛ ጥርስ ቅርፅ ማግኘት ይቻላል ብሎ አራት ማዕዘን፣ ሾጣጣና ሞላላ የተባሉ ዓይነቶችን ለየ። የጥርስ አምራቾች ካታሎግ እስከ ዛሬ በዚህ ይመራል። በኋላ ሰዎች ተለክተው ሲታይ ግን ሕጉ በተፈጥሮ ጥርስ ላይ አልጸናም። ፍረሽና ፊሸር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በጾታ፣ በጠባይና በዕድሜ መምረጥን አቀረቡ፤ ከዚህም ዕድሜ ብቻ ጠንካራ ድጋፍ አለው፣ ጥርስ ሲያረጅ ጠርዙ ይበላል ቀለሙም ይጠቁራልና። የበለጠ የሚታመኑት ከአጥንቱ ጋር የማይጠፉ ምልክቶች ናቸው። ከላይ የፊት ጥርሶች ኋላ ላንቃ ላይ ያለችው ትንሽ እብጠት መካከለኛ ጥርሶች ከእርሷ ፊት ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር እንደነበሩ ትጠቁማለች። የአፍንጫ ስፋትም የክራንቻዎችን ርቀት በግምት ያሳያል። ከሁሉ የሚሻለው የቀድሞ ማስረጃ ነው፦ የመታወቂያ ወይም የሠርግ ፎቶ፣ አሮጌው ተነቃይ ጥርስ፣ የልጆቹ ጥርስ።

ለቀለም በሰፊው የሚሠራበት የቪታ መለኪያ 16 ደረጃዎች አሉት። የሚመረጠው በቀን ብርሃን፣ ጥርሱን አርጥቦ፣ ከከንፈር ሥር አስይዞ፣ ዓይን ሳይለምደው ለጥቂት ሰከንዶች አይቶ ነው። ጠቆር ባለ ፊት ላይ ያው ጥርስ ነጥቶ ስለሚታይ የቆዳ ቀለም ብቻውን አስተማማኝ መሪ አይሆንም። ከስምጥ ሸለቆ የመጣ ሰው ጥርሱ በፍሎራይድ ቡናማ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ያንን መመለስ ወይም መተው የእርሱ ውሳኔ ነው። ካታሎጉ የማያውቃቸው ሁለት ነገሮችም አሉ። ፍንጭት በአገራችን እንደ ውበት ይቆጠራል፤ የፋብሪካ ጥርስ ግን ተጠጋግቶ ስለሚደረደር፣ ካልተጠየቀ ፍንጭቷ የምትታወቅባት እናት ያለ ፍንጭት ትመለሳለች። ድዳቸውን የተነቀሱ ሴቶች ሲሥቁ የሚታየው ጥቁር ድድ ነው፤ ሮዝ አክሪሊክ በቦታው ሲገባ ፊታቸው የሌላ ሰው ይመስላል። መሠረቱን ማቅለም ስለሚቻል ጥያቄው አስቀድሞ ይነሣ።

እነዚህ ሁሉ የጌጥ ጉዳይ ናቸው፣ ለአረጋዊ የሚያስፈልገው ማኘክ ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን በራሱ ፊት ላይ የማያውቀውን ጥርስ ሰው አውልቆ ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል፤ የማይደረግ ጥርስ ደግሞ አያኝክም። የመንጋጋ ጥርሶች ምርጫም ወደ ልኩ ይመልሰናል። ጉብታቸው ከፍ ያለ፣ ለምሳሌ 33 ዲግሪ የሆኑት፣ ትክክለኛ ልክና ጠንካራ አጥንት ይጠይቃሉ። ጠፍጣፎቹ የመነመነ ድድ ላይ ያለውን መንሸራተት ይቀንሳሉ፣ ጥቂት የልክ ስሕተትንም ይታገሣሉ። ጥናቶች አንዱን ቅርፅ ለሁሉም አፍ አሸናፊ አላደረጉትም፤ ስለዚህ የሚመረጠው ምግቡ፣ አጥንቱና የተያዘው ልክ አንድ ላይ ታይተው ነው።

የርቀትና የመሣሪያ ጥያቄ

ከባዱ ተቃውሞ የመንገድ ነው። ኩታበር ለደሴ ቅርብ ናት፤ ከመካነ ሰላም ግን በአቀስታ በኩል ያለው የተራራ መንገድ ረጅም ነው፣ ጥርስ ሐኪሞችም በትልልቅ ከተሞች ይበዛሉ። አምስት ጊዜ ተመላለሱ ማለት ለአረጋዊ ገበሬ አትምጡ እንደማለት ነው። መልሱ ከላይ ባለው ማስረጃ ውስጥ አለ፦ ምልልሱ የሚቀነሰው የመጀመሪያውን ቅጂና የሰም ጠርዙን በአንድ ቀን በመጨረስ፣ ፌስቦውን በመተው፣ የጥርስ ባለሙያውን ሥራ በማፋጠን ነው፤ ልክ የሚያዝበትን ሰዓት በመቁረጥ አይደለም። ዲጂታል ስካነርም ድድን በትክክል ይስላል፤ ሆኖም መንጋጋ የት ይቁም የሚለው ያው በሕያው ሰው ላይ መገኘት አለበት። የሚያስፈልገው ሰም፣ መስተዋት፣ የቀን ብርሃን፣ አማርኛ የሚሰማ ጆሮና በቂ ጊዜ ነው። በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠለጥኑ ጥርስ ሐኪሞች ይህን የንግግር ፈተና በታካሚዎቻቸው ቋንቋ ቢለማመዱት፣ ውድ መሣሪያ ከመጠበቅ ይልቅ ለደጋው ሰው የሚበላበትና የሚናገርበት ጥርስ ፈጥኖ ይደርሰዋል።