በጭብጨባ የተቀበረችው ሪፐብሊክ

«ስታር ዋርስ» ሲባል ቁም ነገረኛ ሰው ፊቱን ያዞራል። «እሱ የልጆች ጨዋታ ነው» ይላል። አይፈረድበትም። በብርሃን ሰይፍ የሚሞሻለቁ መነኩሴ መሰል ተዋጊዎች፣ ጆሮው የረዘመ አረንጓዴ ሽማግሌ፣ ሲጨነቅ የሚያፏጭ ሮቦት... ይኼ ለአዋቂ ሰው ምኑ ይነገራል? ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን «ሪቬንጅ ኦፍ ዘ ሲዝ» ታሪክ የሚወድ ሰው ቢያየው ጊዜዬን አባከንኩ አይልም። በዚህ ፊልም ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው ቦታ ሰይፍ የሚመዘዝበት አይደለም። ስብሰባ ነው።

አንድ ሽማግሌ ፖለቲከኛ በምክር ቤቱ መካከል ይቆማል። ሺህ ዓመት የኖረችው ሪፐብሊክ ከዛሬ ጀምሮ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ሆናለች ይላል። ለምን? ለሰላምና ለደኅንነት ሲባል። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ከምክር ቤቱ አባላት አንዷ፣ ፓድሜ፣ ይህን ታይና አጠገቧ ለተቀመጠው ባልደረባዋ ነፃነት የሚሞተው ለካ እንዲህ በጭብጨባ ነው ትለዋለች። በቃ። ጠመንጃ አልተተኮሰም፣ በር አልተሰበረም። ጭብጨባ ምን እንደሆነ ደግሞ ለእኛ አይነገረንም።

ለማያውቀው ሰው ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጆርጅ ሉካስ ተረቱን የጀመረው ከመካከሉ ነው። በ1977፣ በ1980 እና በ1983 የወጡት ፊልሞች ጥቁር ጭንብል ያጠለቀው ዳርዝ ቬደርና ጌታው ንጉሠ ነገሥቱ እንዴት እንደወደቁ ያሳያሉ። ሉካስ ዐሥራ ስድስት ዓመት ቆይቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። በ1999፣ በ2002 እና በ2005 ባወጣቸው ሦስት ፊልሞች ያ ጭንብል ለባሽ ከየት እንደመጣ ነገረን። እንግዲህ የመጨረሻውን ፊልም የሚያይ ሰው ፍጻሜውን አስቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን «መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ምን ያጓጓል?» የሚል ተማሪ አይጠፋም ነበር። የአቴና ሰው «ኤዲፐስ»ን ሊያይ ሲሄድ ኤዲፐስ ማንን እንደገደለና ማንን እንዳገባ ያውቃል። የሚሄደው ምን እንደሆነ ሊሰማ ሳይሆን እንዴት እንደሆነ ሊያይ ነው።

እንዴት ሆነ? አናኪን ስካይዎከር ባሪያ ሆኖ የተወለደ ልጅ ነው። ነፃ ሲወጣ እናቱን ትቶ ሄደ። ዓመታት ቆይቶ ስትሰቃይ በሕልሙ እያየ ሲደርስላት በእጁ ላይ ሞተች። በሦስተኛው ፊልም በድብቅ ያገባት ፓድሜ አርግዛለች፤ አሁን ደግሞ በወሊድ ስትሞት ሕልም ያየው ጀመር። ይህን ፍርሃት ያወቀበት ያ ሽማግሌ ፖለቲከኛ፣ ቻንስለር ፓልፓቲን፣ ኦፔራ ቤት ውስጥ አጠገቡ አስቀምጦ የሚወዱትን ሰው ከሞት የሚያስጥል ጥበብ እንዳለ በጆሮው ሹክ ይለዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተረጎመው «ኦቴሎ» ላይ ኢያጎን ያየ ሰው ይህን ሹክሹክታ አይስተውም። ኢያጎ ቅናትን እንደኮተኮተ ፓልፓቲንም ፍርሃትን ይኮተኩታል። አናኪን ይንበረከካል፤ ባልንጀሮቹን ይክዳል፤ በቤተ መቅደሳቸው ያሉ ሕፃናትን ሳይቀር ይፈጃል። በመጨረሻም ሊያድናት የማለላትን ሚስቱን ራሱ ያንቃታል። ልጆቿን ወልዳ ትሞታለች። የእኛ ሰው ይህን ሁሉ ባንድ መስመር ጨርሶታል፦ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ፊልሙን ከተራ የጀብዱ ተረት የሚለየው የመንግሥቱ ታሪክ ከሰውየው ታሪክ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ሪፐብሊኳም ቅዠት አላት። ክፍላተ ሀገር እየተገነጠሉ ነው፣ ጦርነት መጥቷል። ፓልፓቲን በ2002ቱ ፊልም የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ቀውሱ ሲያልፍ እመልሳለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ሥልጣኑ ይሰጠው ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጃር ጃር ቢንክስ የተባለ፣ ሁሉም የሚስቅበት የዋህ ፍጡር ነው። ወዲያው ለጦርነቱ የሚሆን ሠራዊት ተዘጋጅቶ ተገኘ። ማን አዘዘው? ማን ከፈለው? በቅጡ የመረመረ የለም። በሦስተኛው ፊልም ያ ሠራዊት በአንዲት ትእዛዝ ዞሮ የገዛ አዛዦቹን ከኋላ ይተኩሳቸዋል። አናኪን ሚስቱን እንዳጣት ሁሉ ምክር ቤቱም ሪፐብሊኳን ያጣት ላድናት ሲል ነው።

ይህ ሐሳብ ለሉካስ ከሰማይ አልወረደለትም። ፊልሙ በግንቦት 2005 በካን የፊልም ፌስቲቫል ሲታይ የታሪኩ ጥንስስ የቬትናም ጦርነትና የፕሬዚዳንት ኒክሰን ዘመን መሆኑን፣ ያስጨነቀውም ዴሞክራሲ እንዴት በገዛ እጁ ራሱን አሳልፎ እንደሚሰጥ የሚለው ጥያቄ እንደነበር ተናግሯል። ተመልካቹ ግን ያየው የራሱን ዘመን ነው። አናኪን ከእኔ ጋር ካልሆንክ ጠላቴ ነህ ሲል፣ ጆርጅ ቡሽ በመስከረም 2001 ወይ ከእኛ ጋር ናችሁ ወይ ከአሸባሪዎች ጋር ብለው የተናገሩት የብዙ ሰው ትዝታ ነበር። ሉካስ ታሪኩ ሲነደፍ የኢራቅ ጦርነት አልነበረም ብሎ መለሰ። እውነቱን ነው። ነገሩ ከኢራቅም ከቬትናምም ይቀድማል።

እስቲ ሮምን እንይ። በሮም ሪፐብሊክ «ዲክታተር» ስድብ አልነበረም፤ ሕጋዊ ሹመት ነበር። ሀገር ስትጨነቅ አንድ ሰው ከስድስት ወር ላልበለጠ ጊዜ ሙሉ ሥልጣን ይሰጠዋል። ሮማውያን ለልጆቻቸው የሚተርኩለት ሲንሲናተስ በ458 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከእርሻው ተጠርቶ፣ ጠላትን ድል አድርጎ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ሥልጣኑን አስረክቦ ወደ ሞፈሩ ተመለሰ ይባላል። ዩልዮስ ቄሣር ግን በ44 ዓመተ ዓለም የዕድሜ ልክ ዲክታተር ተባለ፤ በወሩ ገደማ በጩቤ ወግተው ገደሉት። ከዚህ የተማረው የማደጎ ልጁ ኦክታቪያን ነው። በ27 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሴኔቱ ፊት ቀርቦ ሥልጣኔን መልሻለሁ አለ። ሴኔቱ እባክህ አትተወን ብሎ ለመነው፤ አውግስጦስ የሚል ስምም ጨመረለት። በሉቃስ ወንጌል ዓለም ሁሉ ይመዝገብ የሚል ትእዛዝ አወጣ ተብሎ የምናውቀው አውግስጦስ ቄሣር እሱ ነው። እስኪሞት ድረስ ንጉሥ ነኝ አላለም። ሴኔቱም ከእሱ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት መሰብሰቡን አላቆመም። ወንበሩ አለ፣ ሰዎቹ አሉ፣ ሥልጣኑ ብቻ የለም።

ፈረንሳዮችም በየተራ ቀምሰውታል። ናፖሊዮን በ1804 ንጉሠ ነገሥት ይሁን አይሁን ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው «ይሁን» አለ፤ «አይሁን» ያለው ሦስት ሺህ እንኳ አልሞላም። ወንድሙ ልጅ ሉዊ ናፖሊዮን ደግሞ በ1848 በሕዝብ ድምፅ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በ1851 ምክር ቤቱን በተነ፤ በ1852 ዘውድ ጫነ። አያቶቻቸው የንጉሥ አንገት ቆርጠው ያቋቋሟትን ሪፐብሊክ ልጆቹ በድምፅ መስጫ ወረቀት አስረከቧት።

ወደ ፊልሙ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ጀርመን ነው። ማዕረጉ እንኳ አንድ ነው፦ ቻንስለር። በየካቲት 27 ቀን 1933 የጀርመን ምክር ቤት ሕንፃ ተቃጠለ፤ በማግሥቱ የዜጎች መብት በአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ ታገደ። ሕንፃው ስለተቃጠለ ምክር ቤቱ መጋቢት 23 ቀን የተሰበሰበው ፊት ለፊቱ ባለው ክሮል በተባለ ኦፔራ ቤት ነው። አዎ፣ ኦፔራ ቤት። የቀረበው ሕግ መንግሥት ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ሕግ እንዲያወጣ የሚፈቅድ ነበር። እንደ ፓልፓቲን ቃል ይህም የጊዜ ገደብ ነበረው፦ አራት ዓመት። ቡናማ ሸሚዝ የለበሱ የናዚ ጎረምሶች አዳራሹን ሞልተውታል። የኮሙኒስት ተመራጮች አንድም አልተገኙም፤ ወይ ታስረዋል ወይ ተሰደዋል ወይ ተደብቀዋል። ቆጠራው ሲያልቅ 444 ደገፉ፣ 94 ተቃወሙ። የተቃወሙት በሙሉ ሶሻል ዴሞክራቶች ናቸው። መሪያቸው ኦቶ ቬልስ ተነሥቶ ሂትለር ፊት ለፊት እየተመለከተው ተናገረ። በዚያ ቀን በዚያ አዳራሽ ሕጉን ተቃውሞ የተናገረ የፓርቲ መሪ እሱ ብቻ ነው።

ከ444ቱ ሁሉም ናዚ ናቸው እንዳትሉ። የካቶሊኮቹ የመሐል ፓርቲ ድምፅ ባይታከልበት ሕጉ ለማለፍ ይቸገር ነበር። ሂትለር የቤተ ክርስቲያንን መብትና የሕግን የበላይነት የሚያረጋግጥ ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ ብሏቸዋል። ደብዳቤው አልመጣም፤ እነሱ ግን ድምፃቸውን ሰጡ። የቀድሞው ቻንስለር ሃይንሪኽ ብሩኒንግ እንኳ ልባቸው እያመነታ ደግፈው ድምፅ ሰጡ። ባንደግፈውስ ይቀራል እንዴ? ቢያንስ ትምህርት ቤቶቻችንን እናትርፍ። የእርስ በርስ ጦርነት ከሚመጣ ይሻላል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ነው። አራቱ ዓመት በ1937 ሲያልቅ ሕጉ ታደሰ። ያደሰው ምክር ቤት ውስጥ ግን ተቃዋሚ የሚባል አልቀረም። ፈረንሳይም በ1940 በጀርመን ጦር ስትሸነፍ ምክር ቤቷ ቪሺ በምትባል የፍል ውኃ ከተማ፣ በካዚኖው ውስጥ ተሰብስቦ ሥልጣኑን ለማርሻል ፔታን አስረከበ፤ 569 ደገፉ፣ 80 ተቃወሙ። አንዱ በኦፔራ ቤት፣ አንዱ በካዚኖ። ሉካስ ሹክሹክታውን ኦፔራ ቤት ያደረገው ይህን አስቦ ይሁን አይሁን፣ ታሪክ ራሱ የመድረክ ፍቅር እንዳለበት ግን ግልጽ ነው።

እንግዲህ ፊልሙ የሳተው የት ላይ ነው? ፍቅረኞቹ ሲነጋገሩ የሰው ልጅ እንዲህ አይነጋገርም ያስብላል፤ ይህን ያልተናገረ ሐያሲ የለም። ሄይደን ክርስቴንሰን ሲቆጣ እንጂ ሲያፈቅር አያሳምንም። በአንጻሩ ፓልፓቲንን የሚጫወተው ኢያን ማክዲያርሚድ የመድረክ ሰው ስለሆነ በአንዲት ፈገግታ የሌላውን አንድ ገጽ ንግግር ያስንቃል። የእኔ ቅሬታ ግን ከዚህ ይለያል። በፊልሙ ውስጥ ሁሉን የሸረበው አንድ ሰው ነው። ጦርነቱን የጫረው እሱ፣ ሁለቱንም ወገን የሚመራው እሱ፣ መድኃኒቱንም የሚያቀርበው እሱ። ይህ ለተመልካች በጣም ይመቻል። ያጨበጨቡት ሁሉ ተታለሉ ይባልና ነፃ ይወጣሉ። በታሪክ ግን እንዲህ ያለ ሁሉን ቻይ ሰይጣን አይገኝም። ሥራ አጥነቱ እውነተኛ ነበር፣ ሽንፈቱ እውነተኛ ነበር፣ ፍርሃቱም እውነተኛ ነበር። ሂትለር ይህን ሁሉ ፈጥሮት ሳይሆን አግኝቶት ነው። ከጎኑ የቆሙትም በእሱ እንጠቀማለን ብለው ያሰሉ ሰዎች ናቸው። ጭብጨባ የሚሠራው ከብዙ ትንንሽ ስሌት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፓድሜ እኮ የምክር ቤት አባል ናት። እውነቱን የተናገረችው ግን ለጎረቤቷ ነው፤ ያውም በዝቅተኛ ድምፅ። ፊልሙ ሲቀረጽ እሷና ጓደኞቿ ተሰባስበው ቻንስለሩን ለመቃወም ሲመክሩ የሚያሳዩ ትዕይንቶች ነበሩ። ሉካስ ሲያርም ቆርጦ አወጣቸው፤ በኋላ በዲቪዲው ላይ ብቻ ተጨምረው ታዩ። ተቃዋሚዎቹ በመቀስ ተቆርጠው ጭብጨባው ቀረ ማለት ነው። ከተቆረጡት አንዷ ሞን ሞትማ የምትባለው ናት። ተዋናይቷ ጄኔቪቭ ኦራይሊ በ2016 በሌላ ፊልም ያንኑ ሰው ሆና ተመለሰች፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ «አንዶር» በተባለው ተከታታይ ድራማ ዋና ከሚባሉት አንዷ ሆነች። በ2025 በወጣው ክፍል ፓድሜ ያንሾካሾከችበት ምክር ቤት ውስጥ ተነሥታ መንግሥቱ የፈጸመውን ጭፍጨፋ በስሙ ጠርታ ትናገራለች። ማንም አላጨበጨበላትም ማለት ይቻላል፤ ንግግሯን እንደጨረሰች ነፍሷን ለማዳን መሸሽ አለባት።

ይህም ከታሪክ አይርቅም። ኦቶ ቬልስ ከዚያ ንግግር በኋላ ሀገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ በ1939 በፓሪስ ሞተ። ንግግሩ ሕጉን አላስቀረም። አንድም ድምፅ ከ444ቱ አልቀነሰም። ታዲያ ምን ጠቀመ? ከጦርነቱ በኋላ ጀርመኖች ሪፐብሊካቸውን እንደገና ሲያቆሙ በዚያ ቀን እንቢ ያለ ሰው ነበረን ወይ ብለው መጠየቃቸው አልቀረም። 94 ሰው አገኙ። ያጨበጨበውን ሁሉ የሚያስታውሰው የለም፤ እነዚያን ግን እስከ ዛሬ በቁጥር ያውቋቸዋል።