የመቅደላ ሙሾና ከአምባው የወረደው ልጅ

ፎገራ ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ተነሥቶ የተንጣለለ፣ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት ሜዳ ነው። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የሚጓዝ መንገደኛ ሜዳውን ከኋላው ትቶ ደብረ ታቦር ይደርሳል። የዐፄ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ፣ በ1853 ዓ.ም. የተወለደው በዚሁ በደብረ ታቦር ነው። ስደትን፣ ትዝታንና የጠፋ አገርን የሚመለከት የአማርኛ ሥነ ቃል በሚመረመርበት ጊዜ የዚህ ልጅ ዕጣ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ሙሾ ማንን ያስታውሳል፣ ማንንስ ይተዋል?

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በእንግሊዝ ጦር እጅ ከመውደቅ በገዛ እጃቸው መሞትን መረጡ። ስለዚህ ዕለት የተገጠመችው ባለ ሁለት ስንኝ ሙሾ በቃል እየተላለፈች ዘመናትን ተሻግራለች። ሙሾዋ የምትጀምረው በቦታ ነው፤ የአምባውን አፋፍ በዓይነ ልቡና አቁማ ጩኸቱን ታሰማለች። ቀጥላም ሟች ትቆጥራለች። የሴቶቹን ቁጥር እንደማይታወቅ አድርጋ ታልፈውና ከወንዶች ወገን የሞተው አንድ ብቻ ነው ትላለች። እዚህ ላይ «ወንድ» የሚለው ቃል ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ጾታ ሲሆን ወርቁ ጀግንነት ነው፤ ስለዚህ ውዳሴው ንጉሡን ትተው እጃቸውን ለሰጡት ሁሉ ወቀሳ ይሆናል።

የግጥሟ ኃይል ከዚህ ቆጠራ የመነጨ ነው፤ ጉድለቷም እዚያው ላይ ነው። ከሦስት ቀን በፊት፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ ወደ 700 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች በእንግሊዝ ጠመንጃና ሮኬት አልቀዋል። እነዚህ ባላገሮች በቁጥሩ ውስጥ አልገቡም። ሴቶቹም አልተቆጠሩም። ገና ሰባት ዓመቱ የነበረው ሕፃንም እንዲሁ ተረስቷል።

ሕፃኑ አገሩን ያጣው በአንድ ቀን አልነበረም። አባቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲነሡ የልጁን የትውልድ ከተማ ደብረ ታቦርን አቃጥለዋት ነበር። በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት የዘመቻና የዘረፋ መከራ የወረደበት የበጌምድር ገበሬም ሐዘኑ ድርብ ነበር። ዓለማየሁ ከአምባው ከወረደ በኋላ በግንቦት ወር እናቱ በጉዞ ላይ ሞተች። ልጁ በካፒቴን ስፒዲ ጠባቂነት ባሕር ተሻግሮ ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ፤ በቼልተናም፣ በራግቢና በሳንድኸርስት ትምህርት ቤቶች አለፈ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ውስጥ ሲሞት ዕድሜው 18 ዓመት ብቻ ነበር። በዊንድሰር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ። በጸሎት ቤቱ የተቀመጠለት የመታሰቢያ ጽሑፍ እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገር የወንጌል ቃል ነው። ከአገሩና ከወገኑ የተነጠለ ልጅ እንደ እንግዳ በፈቃዱ የመጣ ይመስል፣ ጽሑፉ የሚያመሰግነው አስተናጋጁን ነው።

በአማራው አገር የልቅሶ ሥርዐት አስከሬኑ በሩቅ አገር የቀረ ሰው ያለ ሙሾ አይቀርም። ልብሱ፣ መሣሪያውና ሌላው ንብረቱ ወጥቶ በልቅሶው መካከል ይቀመጣል፤ አልቃሽዋም ዕቃውን እያነሣች ሟቹን ታስታውሳለች። ስለዚህ ለስደተኛ የሚወርድ ሙሾ ዕቃን ይሻል። ከመቅደላ የተወሰደው ግን ይኸው ዕቃ ነው። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት በብሪቲሽ ሙዚየም እጅ ገብተዋል። ወራሪው ከሰውየውና ከልጁ ጋር የልቅሶውን መገልገያ ጭምር ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ በቅርብ ዓመታት የሆነው ነገር ትርጉም ይኖረዋል። በ2011 ዓ.ም. የቴዎድሮስ ፀጉር ከለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በስፒዲ ቤተሰብ ዘንድ ተጠብቆ የቆየው የዓለማየሁ ፀጉር ለኢትዮጵያ ተወካዮች ተሰጠ። ዐፅሙ ግን አልተመለሰም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1999 ዓ.ም. ያቀረበው ጥያቄ ሳይፈጸም ቀርቷል፤ በ2015 ዓ.ም. የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት የልጁን ዐፅም ማውጣት በአካባቢው ያረፉትን የሌሎችን ዕረፍት ያውካል ሲል አስታውቋል።

የመቅደላው ሙሾ በዕለቱ የተሰማውን ሐዘን በሁለት ስንኝ ያሠረ ታላቅ የሥነ ቃል ቅርስ ነው። ሆኖም የአንድ ቀን ምስክር እንጂ የታሪኩ ሁሉ መዝገብ አይደለም። መምህሩ ግጥሙን ሲያስተምር ስለ ተቆጠረው ጀግና ብቻ ሳይሆን በአሮጌ ስለ ወደቁት፣ ቁጥራቸው ስላልተያዘው ሴቶችና ከአምባው በሕይወት ስለ ወረደው ልጅም ተማሪዎቹን ሊጠይቃቸው ይገባል። ገጣሚውም ቢሆን ሥራ አለበት፤ በዊንድሰር ላረፈው የደብረ ታቦር ልጅ የሚወርደው ሙሾ ዐፅሙ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።