መንታዎቹ ፎቆችና የዶርዜ ቤት

ሰሞኑን ሲቀላ ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን አንዱ ጓደኛችን «አርባ ምንጭ መንታ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የሚኖራት መቼ ይሆን?» አለ። ሳቅን። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

መንታ ፎቅ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው የኒውዮርኩ የዓለም ንግድ ማዕከል ነው። ከአክሲዮን ገበያው ሰፈር አጠገብ የቆሙት ሁለቱ ሕንጻዎች የተመረቁት መጋቢት 26 ቀን 1965 ዓ.ም. ነበር። እያንዳንዳቸው 110 ፎቅ፣ ቁመታቸው ከ410 ሜትር በላይ። ዕድሜያቸው ግን 28 ዓመት ብቻ ሆነ። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እዚህ አገር እንቁጣጣሽ እየተከበረ ሳለ፣ በተጠለፉ አውሮፕላኖች ተመተው ፈረሱ። በዕለቱ ጥቃት ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ። እኔ ያኔ ገና አልተወለድኩም ነበር።

አሁን ወደ ጋሞ ደጋ እንውጣ። በጨንቻ መንገድ ዶርዜ አለች። የዶርዜ ሰው ሸማኔ ነው፤ ቤቱንም ይሸምነዋል። ከቀርከሃ ተሠርቶ፣ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ፣ እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ፊቱ ዝሆን ይመስላል፤ ሁለቱ የጭስ መውጫዎች ዓይኖቹ ናቸው።

ይህ ቁመት ለታይታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምስጥና እርጥበት ሥሩን ሲበሉት ቤቱ ከዓመት ዓመት ያጥራል፤ ኑሮው ግን ይቀጥላል። ሲያስፈልግ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። አስጎብኚዎች እስከ 80 ዓመት ይኖራል ይላሉ።

ፍርደ ገምድል አልሁን፤ የኒውዮርኮቹን ያፈረሳቸው ሰው እንጂ ምስጥ አይደለም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የዶርዜ ሰው ቤቱን ሲሠራ እንደሚያረጅ አውቆ፣ ለእርጅናው የሚሆን ቁመት ጨምሮለት ነው።

ፎቅማ ገንዘብ ካለ ይመጣል። አዲስ አበባም በ2014 ዓ.ም. የንግድ ባንክን 209 ሜትር ሕንጻ አስመርቃለች። የቀርከሃው ቤት ግን ገንዘብ ብቻ አይበቃውም፤ መሸመን የሚያውቅ እጅና የሚሸከም ጎረቤት ይፈልጋል። ዛሬ ደግሞ ቆርቆሮው ደጋውም ላይ እየበዛ ነው፤ ብዙ የዶርዜ ሸማኔም ኑሮውን ሽሮ ሜዳ አድርጓል።

ስለዚህ ጓደኛዬ፣ ፎቁን እየጠበቅን አንድ ቅዳሜ ዶርዜ እንውጣ። አሠራሩን የሚያውቁ አባቶች ሳሉ ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው። ትራንስፖርቱ ባንተ፣ ቡናው በእኔ።