አነስተኛ የናፍጣ ትራክተሮችና የጥገናቸው ታሪክ

ትራክተር ለአገራችን ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ ትራክተር ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ስንት የፈረስ ጉልበት አለው፣ በቀን ስንት ሄክታር ያርሳል፣ ዋጋውስ ስንት ነው የሚለው ነው። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ማሽኑ ማሳ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። የስንዴ ዘር ወቅት ደግሞ አይጠብቅም። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ወደ አገራችን የገቡትን ትራክተሮች ታሪክ ከጥገና አንጻር ለማየት እሞክራለሁ። አባላት ማኅበራችን ምን ይግዛ በሚለው ጉዳይ ድምፅ ሲሰጡ ሊጠቅማቸው ይችላል።

በአርሲ በኩል የትራክተር ነገር ሲነሳ ካዱን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ይህ የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በ1960 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ በምርጥ ዘር፣ በማዳበሪያና በብድር መርዳት ነበር። የስንዴ አዋጭነት ሲታወቅ ግን ባለርስቶችና መሬት የሚኮናተሩ ባለሀብቶች በትራክተር ማረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጭሰኞችም ሲያርሱት ከኖሩት መሬት ተነሱ። የዚያን ጊዜ ጭሰኛ ትራክተርን ያወቀው እንደ ረዳት ሳይሆን እንደ ነቃይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትራክተሩም ሾፌሩም የባለሀብቱ፣ መካኒኩም ከከተማ የሚመጣ ስለነበር የጥገና ዕውቀት ወደ ገበሬው አልወረደም።

በዚያ ዘመን ከገነኑት ስሞች አንዱ ማሴ ፈርጉሰን ነው። የስሙ ባለቤት ሃሪ ፈርጉሰን የአየርላንድ ተወላጅ ሲሆን፣ ማረሻን ከትራክተር ኋላ በሦስት ነጥብ አያይዞ በሃይድሮሊክ የማንሳትና የማውረድ ዘዴ በስፋት እንዲታወቅ ያደረገ ሰው ነው። ቲኢ 20 የተባለው ትንሽ ግራጫ ትራክተሩ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ኤምኤፍ 135 የዚሁ ዘር ነው። የናፍጣ ሞተሩ ፐርኪንስ 3.152 ይባላል፤ ሦስቱ የሲሊንደሩ ቁጥር፣ 152ቱ ደግሞ በኪዩቢክ ኢንች የተለካ ይዘቱ ሲሆን ወደ 2.5 ሊትር ይሆናል። ቀላል፣ ናፍጣ የሚቆጥብና ብዙ አገር የተለመደ በመሆኑ መለዋወጫው ዛሬም ይገኛል።

ሆኖም ይህ ሞተር አንድ የሚያስቸግር ጠባይ አለው። የናፍጣ ፓምፑ ተሽከርካሪ ዓይነት ሲሆን ውስጡ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ናፍጣው ውሃ ወይም አቧራ ከያዘ ፓምፑን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ናፍጣ በጀሪካን ተጭኖ፣ ክዳኑ በፌስታል ታስሮ በሚመጣበት ገጠር ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንዴ ከተበላ በመንደር መካኒክ አይስተካከልም፤ መለኪያ ማሽን ወዳለበት ጋራዥ መሄድ አለበት። በተጨማሪም የሲሊንደሩ ካሚቻ ደረቅ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ አውጥቶ አዲስ ለማስገባት መጫኛ ማሽን ይጠይቃል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የባለሀብቶቹ ሰፋፊ እርሻዎች ወደ መንግሥት ዞሩ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሞ ቤላሩስ የሚባለውን ትራክተር ማውጣት ጀመረ። ኤምቲዜድ 80 የተባለው ሞዴል 80 የፈረስ ጉልበት ስላለው አነስተኛ ከሚባሉት አይመደብም። እዚህ የማነሳው ስለ ጥገና ብዙ የሚያስተምር ማሽን ስለሆነ ነው።

ቤላሩስን የሠሩት መሐንዲሶች ጋራዥ የሌለበትን ሜዳ አስበው የሠሩት ይመስለኛል። የሞተሩ ዘይት የሚጣራው በየጊዜው በሚገዛ ፊልትሮ ሳይሆን በሚሽከረከር ከበሮ ነው፤ ቆሻሻው ግድግዳው ላይ ሲጋገር ፈትቶ፣ ፍቆና በናፍጣ አጥቦ መመለስ ነው። የናፍጣ ፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል የሚለሰልሰው በዘይት በመሆኑ ከፈርጉሰኑ ይልቅ መጥፎ ናፍጣን ይችላል። ካሚቻው እርጥብ የሚባለው ነው፤ ቴስታታው ከተነሳ በኋላ ተጎትቶ ይወጣል፣ አዲሱ ከነጎማ ቀለበቱ ይገባል። ከዚህ ዓይነት ውስጥ በትንሽ የቤንዚን ሞተር የሚነሳም አለ፤ ባትሪ ቢደክምም አይቆምም።

ታዲያ ይህን ያህል ለጥገና የተመቸ ትራክተር ለምን በየጥጉ ቆሞ ዛገ? መልሱ ማሽኑ ውስጥ አይደለም። የምርት ማኅበራቱ በ1982 ዓ.ም. ከወጣው የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በኋላ ፈረሱ፤ ሶቪየት ኅብረት ራሷ በ1984 ዓ.ም. ፈረሰች። መለዋወጫ ሲጠፋ አንዱን አፍርሶ ሌላውን መጠገን ተጀመረ። ባለቤት የሌለው ንብረት ደግሞ ቡሎን በቡሎን ያልቃል። እንደ እኔ አስተያየት የዚያ ዘመን ትልቁ ኪሳራ ከብረቱ ይልቅ የመካኒኮቹ መበተን ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ ዩኒየኖች ተስፋፉ፤ አርሶ አደሩም ባለማሽን የመሆን ዕድል እንደገና አገኘ። በዚህ ጊዜ የመጣው አዲስ እንግዳ ባለ ሁለት ጎማው፣ ብዙዎች ዎኪንግ ትራክተር የሚሉት ነው። ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል በአውስትራሊያ ድጋፍ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ይህንኑ ማሽን ከመዝሪያ፣ ከጋሪና ከመውቂያ ጋር አያይዞ ሞክሯል።

የዚህ ዓይነት ትራክተር ምሳሌ የቻይናው ዶንግፌንግ 12 ነው። ሞተሩ ኤስ195 ባለ አንድ ሲሊንደር ሲሆን ይዘቱ 0.815 ሊትር፣ ጉልበቱ 12 ፈረስ ነው። አንድ ሲሊንደር ማለት አንድ ፒስተን፣ አንድ ኖዝል፣ ሁለት ቫልቭ ማለት ነው። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ለአየር ማስገቢያው 0.35፣ ለጭስ ማውጫው 0.45 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ መለኪያ ቅጠልና ሁለት ቁልፍ ያለው ሰው ማሳ ላይ ያስተካክለዋል። በእጅ መዘውር ስለሚነሳ ባትሪ አይፈልግም። የሚቀዘቅዘው በላዩ ካለው የውሃ ሳጥን በሚተን ውሃ ነው፤ ውሃው ሲጎድል ቀይ ምልክት ያለው ተንሳፋፊ ይወርዳል። በአውድማ ላይ የባለ አራት ጎማውን ራዲያተር የሚደፍነው ገለባ እዚህ የሚደፍነው ነገር አያገኝም።

ጉድለቱንም መደበቅ አይገባም። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ስለሚንቀጠቀጥ ቡሎን ያላላል፤ በየማለዳው በቁልፍ መዞር ግዴታ ነው። ቺንጊያው ከላላ ይንሸራተታል፣ ከጠበቀ ይበጠሳል። ይህን ሞተር ብዙ ፋብሪካዎች ስለሚሠሩት መለዋወጫው በጥራት ይለያያል። ደርቆ የተሰነጠቀ መረሬ አፈር ለ12 ፈረስ ከባድ ነው። አራሹም ይደክማል፤ በ60 ሴንቲ ሜትር ስፋት የሚያርስ ሰው አንድ ሄክታር ለመጨረስ ወደ 17 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄዳል። በሬ የጠመደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መቀመጫ የለመደ ሾፌር ግን ያማርራል።

እንግዲህ ከሦስቱ ማንኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ ለጥገና ብቻ ከሆነ ባለ ሁለት ጎማው ይቀድማል እላለሁ። ለአንድ መሠረታዊ ማኅበር ሁለት ወጣቶችን በጥቂት ሳምንታት አሠልጥኖ ራሱን ማስቻል ይቻላል። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ግን ጋራዥና ንጹሕ የናፍጣ ማስቀመጫ ላለው ዩኒየን የሚስማማ ነው። እኛ የልማት ሠራተኞች በኮሌጅ ስለ ማረሻ አስተካከል እንጂ ስለ ናፍጣ ፓምፕ ብዙም ስለማንማር በዚህ በኩል ከመካኒኮች ብዙ መማር ይጠበቅብናል።

በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የግብርና መሣሪያዎች ያለ ቀረጥ እንዲገቡ በመፍቀዱ የሚገቡት ዓይነቶች በዝተዋል። ዓይነት በበዛ ቁጥር ደግሞ የአንዱ ፊልትሮ ለሌላው አይሆንም። አንድ ዩኒየን አምስት ዓይነት ትራክተር ከሚገዛ አምስት አንድ ዓይነት ቢገዛ መጋዘኑ ውስጥ የሚያስቀምጠው መለዋወጫ ያንሳል፣ መካኒኩም አንዱን ጠንቅቆ ያውቃል። የግዥ ኮሚቴዎች ውል ሲፈርሙ ለሁለት የምርት ዘመን የሚበቃ ፊልትሮ፣ ቺንጊያና ኖዝል አብሮ እንዲመጣ፣ መመሪያውም ኦፕሬተሩ በሚያነበው ቋንቋ እንዲሆን ቢያስገቡ መልካም ነው። ናፍጣውን በተመለከተ በርሜሉን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ወደ ኋላ አዘንብሎና አንድ ቀን አርግቶ ከላይ መቅዳት ምንም ወጪ የለውም።